ሃይማኖት የሌለው ሕግ አለ ወይ?



እዚህ በሜልበርን ምዕራብ፣ በሜድስቶንና በፉትስክሬይ አካባቢ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መካከል ስለ ኒካሕ፣ ስለ ፍቺ ወይም ስለ ውርስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት አነጋገር እሰማለሁ። አንደኛው «የአውስትራሊያ ሕግ የማንም ሃይማኖት አይደለም፤ ገለልተኛ ነው። ስለዚህ ሃይማኖትህን ቤትህ አስቀምጠህ በሕጉ ተዳደር» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የእነሱ ሕግ የእነሱ ነው፤ ለእኛ ሸሪዓችን ይበቃናል። የመንግሥት ወረቀት ምን ያደርግልናል?» ይላል። ሁለቱንም የሚናገሩት ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ይመስለኛል። እሱም በዓለም ላይ ሃይማኖት ያለበት ሕግና ሃይማኖት የሌለበት ሕግ ተለያይተው ቆመዋል፤ ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ይችላል የሚለው ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ታሪኩን በደንብ ካየነው የሚያስጨንቀን ጥያቄም ይለወጣል።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የሕግ ባለሙያም ዓሊምም አይደለሁም። ስለዚህ የምጽፈው ፈትዋ አይደለም፤ የሕግ ምክርም አይደለም። ሆኖም ሥራዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። በየቀኑ የምንጠቀምባቸው የግንባታ ደንቦች ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር እንዲሁ ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ሲመረመር ግን አንድ ሰው፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ምክንያት የወሰነው ነው። ሕግም እንደዚያው ነው። ከዚህ በታች የአውሮፓውን ዘመን በእ.ኤ.አ.፣ የአገራችንን ደግሞ በዓ.ም. እጽፋለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ማዘጋጃ ቤት

ስለ አውሮፓ ሕግ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ወንበር ያወረደ ትውልድ ጻፈው። ስለዚህ «ሃይማኖት የሌለው ሕግ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሱንና የእሱን ልጆች ነው። ነገር ግን ከ1804 ወደ ኋላ ጥቂት ሄድ እንበል።

የሮም ሕግ በንጉሠ ነገሥት ጀስቲንያን ትእዛዝ ከ529 እስከ 534 ባሉት ዓመታት ሲሰበሰብ፣ የነገሥታቱ ድንጋጌዎች የተካተቱበት መድብል የሚከፈተው ስለ ንብረት ወይም ስለ ውል በሚናገር ክፍል አልነበረም፤ ስለ ሥላሴ እምነት በሚናገር ክፍል ነበር። በ1140 ገደማ ደግሞ ግራሺያን የተባለ ሰው በቦሎኛ የቤተ ክርስቲያንን ቀኖናዎች በአንድ መጽሐፍ አሰባሰበ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት በምዕራብ አውሮፓ የጋብቻ፣ የልጅ ሕጋዊነትና የኑዛዜ ጉዳይ በአብዛኛው የሚዳኘው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር። ዛሬ በየትኛውም የውል ሕግ ውስጥ የምናገኘው «የተዋዋለ ሰው በቃሉ ይታሰራል» የሚለው መርህ እንኳ የቀኖና ሊቃውንት አሻራ አለበት። የሮም ሕግ ተራ ቃል ኪዳንን ብቻ ይዞ ክስ ማቅረብን አይፈቅድም ነበር። የቀኖና ሊቃውንት ግን ቃልን ማፍረስ ኃጢአት ከሆነ ቃልን መጠበቅ በፍርድ ቤትም ሊጠየቅ ይገባል አሉ።

ጋብቻን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1215 የተካሄደው የላተራን ጉባኤ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በቤተ ክርስቲያን በይፋ እንዲነገር አዘዘ። ሁለተኛ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የነበረውን የዝምድና ክልከላ ወደ አራት ዝቅ አደረገ። በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ «ሰባት ቤት» መቁጠርን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ባዕድ ታሪክ አይመስልም። በ1563 የትሬንት ጉባኤ ደግሞ ጋብቻ በቄስና በምስክሮች ፊት ካልተፈጸመ እንደማይጸና፣ በመዝገብም እንዲጻፍ ደነገገ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1792 የወጣው ሕግ ጋብቻን ከቄስ እጅ አውጥቶ ለማዘጋጃ ቤት ሹም ሰጠ፤ የ1804ቱ ሕግም ይህንኑ አጸና። አስቀድሞ በይፋ መነገሩ፣ በሹም ፊት መቆሙ፣ ምስክሮቹ፣ መዝገቡ ግን ሁሉም ቀሩ። ቄሱ ከወንበሩ ተነሣ፣ ሹሙ ተቀመጠበት፤ ወንበሩ ያው ወንበር ነው።

ይህን ስል ምንም አልተለወጠም ማለቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ወለድን ለዘመናት ስትከለክል ኖራለች፤ በዚህ ረገድ ከእኛ ፉቀሃእ ጋር ብዙም አትራራቅም ነበር። አብዮቱ በ1789 ወለድን ፈቀደ፤ የናፖሊዮን ሕግም አጸደቀው። ዛሬ ስለ ቤት ብድር ስንጨነቅ ብቸኞች የሆንን ይመስለናል እንጂ፣ የዚህ የምዕራቡ ዓለም ቅድመ አያቶችም በዚያው ጭንቀት ውስጥ ነበሩ። ፍቺም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከለከለችው፤ የ1792ቱ ሕግ ፈቀደው፤ ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ በ1816 ተሰረዘ፤ በ1884 እንደገና ተፈቀደ። እንግዲህ ሃይማኖት በሕጉ ውስጥ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ መልኩን ቀይሮ ሲቆይ እናያለን። «ሃይማኖት የሌለው» የሚለው ስም ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ቃል ይሸፍነዋል።

በዚህ አገር

አውስትራሊያ የፈረንሳይን ዓይነት መድብል አልወሰደችም፤ ሕጓ የእንግሊዝን ሥርዓት የተከተለ ነው። መንገዱ ግን ይመሳሰላል። በ1753 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ከአይሁድና ከኩዌከሮች በቀር ማንኛውም ሰው ጋብቻው እንዲጸና በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲያገባ አስገደደ። ካቶሊኩ ሳይቀር በማያምንበት ቤተ ክርስቲያን ይዳር ነበር። ይህ የተለወጠው በ1836 በወጣው ሕግ ነው።

በ1866 አንድ እንግሊዛዊ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሰውየው ቀድሞ የሞርሞን እምነት ተከታይ ነበር፤ በአሜሪካ በዩታ በዚያው እምነት ሥርዓት አገባ። በኋላ እምነቱን ተወ፤ ሚስቱም እዚያው ቀርታ ሌላ ሰው አገባች። እሱ ፍቺ ጠየቀ። ያገባው አንዲት ሴት ብቻ ነበር። ዳኛው ግን በሞርሞኖች ዘንድ ከአንድ በላይ ማግባት ስለሚፈቀድ፣ ይህ በክርስትናው ዓለም «ጋብቻ» ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት ጋብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ልናፈርሰውም አንችልም ብሎ መለሰው። ሰውየው በአንዱ ሕግ ዘንድ ያገባ፣ በሌላው ዘንድ ያላገባ፣ በሁለቱም ዘንድ መፍትሔ የሌለው ሆኖ ቀረ።

ያ ዳኛ ጋብቻን የተረጎመበት አነጋገር ባሕር ተሻግሮ እዚህ ደረሰ። በ1961 በወጣው የአውስትራሊያ የጋብቻ ሕግ መሠረት፣ ጋብቻ የሚያስፈጽመው ሰው የሃይማኖት አገልጋይ ካልሆነ ለሙሽሮቹና ለተሰበሰበው ሕዝብ የሚያነበው ዓረፍተ ነገር አለ። በፈቃድ የተገባ፣ ለዕድሜ ልክ የታሰበ፣ ሌላውን ሁሉ የሚያገል ጥምረት ነው የሚለው ሐሳብ የተወሰደው ከዚያ ፍርድ ነው። «ክርስትናው ዓለም» የሚለው ቃል አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ፓርላማው ጋብቻ በማንና በማን መካከል እንደሆነ የሚናገረውን ክፍል ለወጠው። «ሌላውን ሁሉ የሚያገል» የሚለው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲያገባ ይህ ሲነበብ ሰምቼ፣ ከጎኔ የቆመው ሰው «አየህ፣ ሃይማኖት የሌለበት ሠርግ እንዲህ አጭር ነው» ሲለኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ የሠርግ ቀን አይበቃም።

ከፍትሐ ነገሥት ወደ ፍትሐ ብሔር

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለመቶ ዓመታት ሲዳኙበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት በትውፊት ለኒቅያ ሠለስቱ ምዕት፣ ማለትም ለ318ቱ አባቶች ይሰጣል። መጽሐፉ ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ፣ ኢብኑል ዐሳል በተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ የተዘጋጀ ነው። ወደ ግእዝ የተመለሰው ኋላ ነው። 51 አንቀጾች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊ፣ የቀሩት ዓለማዊ ናቸው። ሊቃውንት ሲመረምሩት በዓለማዊው ክፍል ውስጥ የሮምና የቢዛንታይን ሕግ አግኝተዋል፤ ከዚህም ጋር ከእስልምና የፊቅህ መጻሕፍት የተቀዱ ደንቦችን አግኝተዋል። ነገሩ አያስደንቅም፤ ኢብኑል ዐሳል የኖረው ዐረብኛ በሚነገርበት፣ የፊቅህ ትምህርት በተስፋፋበት አገር ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የክርስቲያን ንጉሥ የሚፈርድበት መጽሐፍ ውስጥ የሙስሊም ፉቀሃእ ሐሳብ በስም ሳይጠራ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ዘመን ሙስሊሙ በዚያው አገር ባዕድ ተብሎ ይታይ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ከሹመታቸውና ከሃይማኖታቸው አንዱን እንዲመርጡ መገደዳቸውን ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል።

ከጣሊያን መባረር በኋላ የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም.፣ ከዚያም በተሻለ ሁኔታ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ታወቁ። የናይባና የቃዲዎች ምክር ቤት በሙስሊሞች ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍና ውርስ ላይ እንዲዳኝ ሥልጣን ተሰጠው።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ሕጎቹን ሁሉ በመድብል ለመጻፍ ተነሣ። በ1946 ዓ.ም. የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቋመ። የወንጀለኛ መቅጫውን የስዊስ ዜጋ ዣን ግራቨን፣ ፍትሐ ብሔሩን የፓሪሱ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ አረቀቁ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መግቢያ ፍትሐ ነገሥትን በክብር ያነሣል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ አጽንቶ ነበር። «ፍትሐ ብሔር» የሚለው ስም ራሱ በግእዝ «ፍትሐ ነገሥት»ን ያስተጋባል። እንግዲህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው 3,367 ቁጥሮች ያሉት መድብል፣ ከላይ ያየነው የፈረንሳይ ወንዝና የአገራችን የፍትሐ ነገሥት ወንዝ የተገናኙበት ነው።

ሕጉ ብዙ መልካም ነገር አለው፤ ዛሬም ብዙው ክፍል ይሠራበታል። የሃይማኖት ጋብቻንና የባህል ጋብቻን ከመንግሥት ጋብቻ እኩል ማወቁም ቀላል አይደለም። ነገር ግን በቁጥር 3347 ስለተነገሩት ጉዳዮች ቀድሞ የነበሩትን ደንቦች፣ የተጻፉትንም የልማድንም፣ ሻራቸው። በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ ሸሪዓ ከወረቀቱ ወጣ ማለት ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች ግን አልተዘጉም፤ ሕዝቡ መሄዱን አላቆመም፣ ቃዲዎቹም መፍረዳቸውን አላቆሙም። የወንጀለኛ መቅጫው በቁጥር 617 ከአንድ በላይ ማግባት የፍትሐ ብሔር ሕግ ባወቀው ጊዜ ወንጀል እንደማይሆን ጽፎ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ፍትሐ ብሔር ግን በቁጥር 585 ክልክል አደረገው። አንዱ ሕግ በር ከፈተ፣ ሌላው ከበሩ ወዲያ ክፍል አልሠራም። ከአንድ በላይ ማግባት መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዬ በዚያ በርና በጠፋው ክፍል መካከል የቆመው ሰው ነው። የቃዲ ፍርድ በእጁ አለ፤ ሕጉ ግን ያ ፍርድ በምን ላይ እንደቆመ አይነግረውም።

የሜልበርን ምዕራብ አፈር ሲርጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው። በጠንካራ ድንጋይ ላይ የተሠራን ቤት ንድፍ እንዳለ አምጥተን እዚህ ብንተክለው ግድግዳው ይሰነጠቃል። ንድፉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አፈሩን ያልጠየቀ በመሆኑ ነው። ሬኔ ዳቪድ ጎበዝ ንድፍ አውጪ ነበር። የጎደለው የአፈሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በየቃዲው ደጅ ተሰልፎ ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር ሰልፍ የወጡት፣ መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩና ሙስሊሙ እንደ ዜጋ እኩል እንዲታይ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን አልከለከለም። በአንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ቀድሞ የነበሩ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች እንዲደራጁ ፈቀደ። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 ወጣ፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በሦስት እርከን ተዋቀሩ።

የራሳችንም ታሪክ

እስካሁን የሌሎችን ታሪክ አየሁ። አሁን ደግሞ የራሳችንን ካላየሁ ፍትሐዊ አልሆንም። ሕግን በአንድ መድብል ጽፎ በመንግሥት ኃይል ማስፈጸም በእስልምና ታሪክም የተነሣ ጥያቄ ነው። በዐባሲዮች ዘመን ኢብኑል ሙቀፈዕ የተባለው ጸሐፊ፣ ቃዲዎች በየከተማው የተለያየ ፍርድ ስለሚሰጡ ኸሊፋው አንዱን መርጦ ለሁሉም እንዲያጸና መከረ። ኸሊፋው አል መንሱርም የኢማም ማሊክን ሙወጣእ በግዛቱ ሁሉ ሊያጸና እንደፈለገ ይተረካል። ኢማም ማሊክ ግን እምቢ አሉ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦች በየአገሩ ተበትነዋል፣ እያንዳንዱም ሕዝብ ከደረሰው ዕውቀት ተምሯል፤ በአንድ መጽሐፍ አታስገድዳቸው የሚል ነበር ምክንያታቸው። የራሱ መጽሐፍ የመንግሥት ሕግ እንዳይሆን የሚከራከር ሰው በታሪክ ውስጥ ስንት አለ?

በኋላ ዘመን፣ ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ.፣ ዑስማኒያ ቱርክ በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት መጀለን አወጣች። 1,851 አንቀጾች ያሉት ይህ መድብል የሐነፊን ፊቅህ በአውሮፓ ሕግ መልክ የጻፈ ሥራ ነው፤ ስለ ውልና ስለ ሙግት ደንግጎ ኒካሕንና ውርስን ሳይነካ አለፈ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በዑለማእ መካከል በክርክር ሲኖር የነበረውን ሰፊ ዕውቀት አንድ መዝሀብ ላይ አቆመው፤ ቁልፉንም ለመንግሥት ሰጠ። ቁልፉን የያዘ መንግሥት ደግሞ መልሶ ሊቆልፍበት ይችላል፤ በ1926 ቱርክ የስዊስን ፍትሐ ብሔር ወስዳ መጀለን ተወች። ስለዚህ «ሸሪዓ ይጻፍልን» ስንል ምን እንደምናተርፍ ብቻ ሳይሆን ምን ለማን እንደምናስረክብም እንጠይቅ።

ታዲያ ፍትሕ የቱ ጋ ነው?

ይህ ሁሉ ታሪክ ወደ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያመጣናል። እያንዳንዱ ሕግ የሆነ እምነት ሥር ካለው፣ ያን እምነት በማይጋራው ሰው ላይ ሲፈጸም ፍትሐዊ የሚሆነው በምንድን ነው?

አንዳንዶች ሥሩን ነቅሎ መጣል ነው ይላሉ። አይቻልም፤ ቃልን መጠበቅን ከሕግ ውስጥ የሚነቅል ማነው? ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱ በየራሱ ሕግ ይኑር ይላሉ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ከሄደ ማን ይዳኛቸዋል?

ለእኔ መልሱ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያው ሕጉ ሥሩን አለመደበቁ ነው። የእንግሊዙ ዳኛ ቢያንስ «በክርስትናው ዓለም» ብሎ በግልጽ ተናገረ፤ ከየት እንደሚናገር ስላወቅን ልንሞግተው እንችላለን። ከየት እንደመጣ የማይናገር ሕግ ግን ራሱን ከክርክር በላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ሰው በሁለት ሕግ መካከል ተንጠልጥሎ አለመቅረቱ ነው። እምቢ ለማለት በር ይኑረው፤ እርዳታ ለመጠየቅም በር ይኑረው።

የእምቢታውን በር አገራችን በአንድ ጉዳይ ፈትናዋለች። በአዲስ አበባ በአንድ የውርስ ክርክር አንዲት ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም አለች። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ክርክሩን ሰማ፤ ይግባኟም አልሰመረም። በመጨረሻ ጉዳዩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። በ1996 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። አንዳንድ ወንድሞች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንን ክብር የጠበቀ ውሳኔ ነው እላለሁ። ፈቅዶ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ለፍትሕ ብሎ ነው፤ ተገዶ የሚመጣ ግን ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ እንደ ፍርድ አይቀበለውም። ሱረቱል ማኢዳህ የመጽሐፉ ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለፍርድ ከመጡ እንዲፈርዱላቸው ወይም እንዲተዋቸው ምርጫ እንደሚሰጥ እናውቃለን። የተነገረው ስለ ሌላ ሕዝብ ነው፤ ሆኖም ወደ ፍርድ ወንበር በራስ እግር መምጣት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

«ፈቃድ የሚባለው ስም ብቻ ነው፤ በቤተሰብና በሰፈር ጫና ስር ያለች ሴት በነፃ ፈቀደች ማለት ይቻላል ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ፈቃድ መጠየቁ ስለማይበቃ ፈቃድን መተው አይገባም፤ ጫናውን ማቃለል ነው የሚገባው። ይህ ደግሞ የመንግሥት ብቻ ሥራ አይደለም፤ የአባት፣ የወንድም፣ የሽማግሌና የኢማም ሥራ ነው።

እዚህ ለምንኖረው

ይህ ነገር በሜልበርን ኑሮአችን ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ልናገርና ላብቃ። ኒካሕ አስረው ጋብቻቸውን በመንግሥት ያላስመዘገቡ ቤተሰቦች አሉ። በአላህ ዘንድ ባልና ሚስት ናቸው፤ በጋብቻ ሕጉ ግን አይደሉም። ሕጉ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩ ሰዎች የሚሰጠው ጥበቃ አለ፤ ነገር ግን አብሮ መኖሩን አስረዱ የሚባልበት ቀን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሐዘን ወይም በጠብ ቀን ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ብዙ ኢማሞች ጋብቻ ለማስፈጸም የመንግሥት ፈቃድ አላቸው፤ ከአንድ ወር በፊት ማስታወቂያ ሞልቶ ሰጥቶ ኒካሑንና ምዝገባውን በአንድ ቀን መፈጸም ይቻላል። የኒካሑን ሸርጦችና መህሩን በጽሑፍ ማስቀመጥም እንዲሁ።

በተቃራኒው ደግሞ የመንግሥት ፍቺ አግኝታ፣ ባል ጠላቅ አልሰጥም ስላለ ብቻ ለዓመታት ተንጠልጥላ የምትቀር እህት አለች። በዚህ አገር ለአሥራ ሁለት ወር የተለያዩ ባልና ሚስት ፍቺ መጠየቅ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው ማነው ብሎ አይጠይቅም። ያ ወረቀት ግን ኅሊናዋን አያሳርፍላትም። የአዲስ አበባ ሴት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዳ ቃዲ ዘንድ አቤት ማለት ትችላለች፤ እዚህ ያለችው እህት ያላት በር የእኛ በር ብቻ ነው። ኹልዕና ፈስኽ የተደነገጉት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። አቤቱታዋን የሚሰሙ ዑለማእ ጉዳዩን በቀጠሮ ብዛት ሲያጓትቱት፣ ወይም ሽማግሌዎች «ታገሺ» እያሉ ሲመልሷት፣ የ1866ቱ ዳኛ ያንን ሞርሞን እንደመለሰው እየመለስናት ነው። እሱ «የእኛ ዓይነት ጋብቻ አይደለም» አለ፤ እኛ «የእኛ ዓይነት ፍቺ አይደለም» እንላለን። ሁለቱም ሕጎች ትክክል ነን ሲሉ ሰው በመካከል ይጠፋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ወንድሜ የምለው ይህን ነው፦ የዚህ አገር ሕግ ሃይማኖት የሌለው ስለሆነ ሳይሆን የገባንበት የጋራ ቃል ስለሆነ እናክብረው፤ ሥሩን ማወቅም የተሻለ እንዲሆን ለመጠየቅ ድፍረት ይሰጠናል። ለሁለተኛው ወንድሜ ደግሞ፦ ሸሪዓችን ይበቃናል ካልን መብቃቱን በሥራ እናሳይ። የሚበቃ ከሆነ፣ ተበድላ በራችንን የምታንኳኳ እህት ቀጠሮ ሳይሆን ፍርድ ልታገኝ ይገባታል። ማኅበራችን በሚቀጥለው የጋራ ስብሰባው ሁለት ነገር ላይ ቢነጋገር እወዳለሁ፤ ያልተመዘገቡ ኒካሖችን ማስመዝገብና ለፍቺ አቤቱታ የተወሰነ የመልስ ጊዜ ማበጀት።

ትክክል የተናገርኩት ከአላህ ነው፤ ሌላው ከእኔ። ወላሁ አዕለም።